ጠበል የገባበት አይፖድ

ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስመለስ፣ በሃይላንድ ቀድቼ በቦርሳዬ የያዝኩት ጠበል ክዳኑ ላልቶ ኖሮ፣ ቤት ደርሼ ቦርሳውን ስከፍት የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻዬን፣ አይፖዴን፣ ውኃ ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው፣ ቪዲዮም የሚያሳየው፣ 30 ጊጋባይት የሚይዘው ዓይነት ነው፤ አክስቴ ከአሜሪካ ለእረፍት በመጣች ጊዜ የሰጠችኝ ነበር። የሚያሳሳኝ ግን በውስጡ ያለው ነው። የቅዳሴ ዜማ ስማር የኔታ ሲያስቀጽሉኝ በትንሽ መቅጃ የቀዳሁት ድምፅ ሁሉ የነበረው እዚያ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።

እጄ ወዲያውኑ ወደ ቁልፉ ሄደ። ይሠራ እንደሆነ ለማየት ካለኝ ጉጉት ይልቅ ግን የቀድሞ ጥፋቴ በለጠና ጣቴን መለስኩ። ከዓመታት በፊት የእኅቴ ትንሿ አይፖድ ናኖ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወድቃ ስትወጣ፣ በፎጣ ጠርጌ ወዲያው ከፍቻት ነበር። በራች፤ ሁላችንም ደስ አለን። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ጠፋች፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰችም። ቆይቼ ስከፍታት በቦርዱ (ቺፖቹ በተገጠሙበት ሰሌዳ) ላይ አንዲት ፀጉር የምታህል የመዳብ መስመር ተበልታ፣ በቦታዋ አረንጓዴ ዱቄት ቀርቶ አየሁ።

መሣሪያውን የሚገድለው ውኃው ብቻውን አይደለም፤ ገዳዩ በእርጥብ ቦርድ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ፍጹም ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን፣ የምንጭ ውኃ ግን ከድንጋይና ከአፈር ያሟሟው ማዕድን ስላለበት በደንብ ያስተላልፋል። የአይፖዱ ባትሪ 3.7 ቮልት ገደማ ነው፤ ይህ ኃይል በጣም በተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች መካከል በእርጥበቱ በኩል ሲያልፍ በፖዘቲቩ በኩል ያለው መዳብ እየሟሟ ይሄዳል፤ ያንን አረንጓዴ ነገር የሚያመጣውም ይኸው ነው። ስለዚህ ከማድረቅ በፊት ኃይሉን ማቋረጥ ይቀድማል። አይፖድ ደግሞ የእውነት የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ የሚያስተኛው ብቻ ነው። ኃይሉ የሚቋረጠው ተከፍቶ ባትሪው ሲነቀል ነው።

በስልክ ያማከርኩት አንድ የሞባይል ጠጋኝ «ወንድሜ፣ ሩዝ ውስጥ ቅበረውና ሦስት ቀን ተወው» አለኝ። በቅንነት ያለው ነው፤ ነገር ግን እባካችሁ ይህን ምክር አትከተሉ። ሩዝ በቦርዱና በቺፖቹ ሥር የገባውን ጠብታ ስቦ አያወጣም፤ ውኃው በራሱ ጊዜ ቢደርቅ እንኳ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል፤ ባትሪው እንደተሰካ የሚያልፉት ሦስት ቀናትም መዳቡ የሚበላባቸው ናቸው። የፀጉር ማድረቂያም ቢሆን እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ባትሪውንም ያግላል።

የጀርባውን ብረት ከፊቱ ፕላስቲክ የሚይዙት ውስጣዊ መንጠቆዎች ናቸው። ካቻቢቴ ብጠቀም ጠርዙን ስለሚቦጭቀው፣ ቀጭን ፕላስቲክ እያስገባሁ ዙሪያውን አላቀቅኩት። ሁለቱ ክፍሎች እንደ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አይገለጡም፤ የባትሪውና የኢርፎን ጃኩ ቀጫጭን ሪባኖች ያያይዟቸዋል። የባትሪው ሪባን የሚገባበት ቡናማ መቆለፊያ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ወደ ላይ የሚነሳውም ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አጥብቆ ስቦ ከነሥሩ ይነቅለዋል። በጥፍሬ ጫፍ ከአንዱ ጎን ጥቂት፣ ከሌላው ጎን ጥቂት እያነሳሁ ሪባኑ በራሱ ሲለቅ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ከጃኩ አጠገብ ነጭ ንጣፍና አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ነበረች። ቦርዱን ለይቼ በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 ፐርሰንት አልኮል ቀሪው ውኃ ነው፤ አንዳንድ ጥገና ቤቶች የሚጠቀሙበት ቲነር ደግሞ ፕላስቲኩን ያሟሟል። ስክሪኑንና ሃርድ ዲስኩን ግን አልነከርኩም፤ ዲስኩ አየር የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ ስላለችው በዚያ የገባ ፈሳሽ ያበላሸዋል። ሁሉንም በነፋሻ ቦታ ለሁለት ቀን አቆየሁት።

ባትሪው በቴስተር ሲለካ 2 ቮልት እንኳ አልሞላም፤ ጎኑም አብጦ ነበር። በየጥገና ቤቱ እንዲህ ያለውን ባትሪ በውጭ ኃይል «የማስነሳት» ልማድ አለ፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሊቲየም ባትሪ ቮልቱ ከመጠን በላይ ወርዶ ሲቆይ በውስጡ ያለው ስስ የመዳብ ቅጠል ሊሟሟ ይችላል፤ ተመልሶ ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ሊገናኝና እሳት ሊያነሳ ይችላል። ባትሪውን የያዘውን ሙጫ በጥቂት አልኮል አላልቼ፣ በጥርስ ክር ከሥሩ እየቆረጥኩ አወጣሁት፤ ብረት ቢበሳው ኖሮ አደጋ ነበር።

አይፖድ ማምረት ማቆሙ የተነገረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ስለሆነ፣ አዲስ ባትሪ የሚገኘው ከሌሎች አምራቾች ነው። አክስቴን ለሚመጣ ሰው እንድትሰጥልኝ ስለምናት ሁለት ነገር አስጠነቀቅኋት። አንደኛው መንገደኛው በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው ነው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድምና። ሌላው ለ30 ጊጋባይቱ የሚሆነው ቀጭኑ መሆኑ ነው፤ የ60 ጊጋባይቱን ወፍራም ባትሪ ብታመጣ ክዳኑ አይገጥምም። ሲደርስ 3.8 ቮልት አነበብኩበት፤ ጤነኛ ነው። የመጀመሪያውን ቻርጅ በሴራሚክ ወለል ላይ አድርጌ፣ እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ተቀምጬ በየጊዜው ሙቀቱን በእጄ እየዳሰስኩ ጠበቅኩ።

በራ። ሙዚቃ ከማጫወቴ በፊት ግን ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የተደበቁ ፋይሎችን በማሳየት ሁሉንም ገለበጥኩ። አይፖድ የሚያስቀምጣቸውን ድምፆች በአራት ፊደል ትርጉም በሌለው ስም ይሰይማቸዋል፤ ዘፈን ከሆነ ርእሱ በፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ ይታወቃል፣ የእኔ ቅጂዎች ግን ምንም አልተጻፈባቸውም። ስለዚህ ማታ ማታ አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ ከዜማ ስልቶቹ የግዕዙ የትኛው፣ የዕዝሉ የትኛው እንደሆነ ከየኔታ ድምፅ እየለየሁ ስም እሰጣቸዋለሁ። ገና አጋማሹ ላይ ነኝ፤ የሰየምኳቸውን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን እኅቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ።