ቤቱን በጆሮዬ ለመድኩት

አዲሱ ቤት በገባሁበት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስሸከም ስለዋልኩ ሰውነቴ ዝሏል። ግን ጣራው ጠሽ ባለ ቁጥር ዓይኔ ይፈጣል። ቧንቧው ኳ ሲል ተነስቼ ቁጭ እላለሁ። ሲነጋ፣ ምነው እዚያው በቀረሁ ማለት ጀምሬ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት በኋላ ሳነብ ነው። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ሰው በማያውቀው ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር የአንጎሉ ግራ ክፍል የቀኙን ያህል በጥልቀት አይተኛም። ግማሹ አንጎል ዘብ ያድራል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። ቤቱ ምንም አልሆነም፤ ገና አልተዋወቅንም እንጂ።

ስለዚህ ልተዋወቀው ወሰንኩ። አንድ ትንሽ ደብተር ራስጌዬ አስቀመጥኩ። የሰማሁትን ድምፅ ከነሰዓቱ እጽፋለሁ፣ ቀን ደግሞ ከየት እንደመጣ እፈልጋለሁ። ጣራው ቀን በፀሐይ ተለጥጦ ይውልና ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ጠሽ ጠሽ የሚለው ለዚህ ነው። ቧንቧው የሚጮኸው ከሥሬ ያሉት ሰዎች ውሃውን ባንዴ ሲዘጉት ነው። እየሮጠ የነበረ ውሃ ድንገት ሲቆም ግፊቱ ቱቦውን ይመታዋል። ከሁሉም የገረመኝ የዋናው መንገድ ነገር ነው። ቀን ጭራሽ አይሰማም፤ ሌሊት ግን መኪናው በመስኮቴ ሥር የሚያልፍ ይመስላል። ጸጥታው ብቻ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሽቅብ ይሄድ የነበረው ድምፅ ያኔ ወደ መሬት ይታጠፋል።

ምንነቱን ያወቅኩት ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልቀሰቀሰኝም። ከአንዱ በቀር።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የግቢው የብረት በር ድው ይላል። ደብተሬ ላይ 9 ሌሊት ተከታትሎ ተጽፏል። በዘጠነኛው ቀን ተናድጄ ወረቀት ጻፍኩ። «ሰው መተኛቱን አስቡ» ይላል። በሩ ላይ ልለጥፈው ፕላስተር ሁሉ ቆርጬ ነበር። ለምን እንዳልለጠፍኩት ዛሬም በትክክል አላውቅም፤ ብቻ እንኳን ቀረ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ቤትሽ እርጥበት እርጥበት ይሸታል» አለችኝ። እኔ ምንም አይሸተኝም ነበር። አፍንጫ የኖረበትን ሽታ ቶሎ ይለምድና መንገር ያቆማል። ቁም ሳጥኑን ስንስበው ከጀርባው ያለው ግድግዳ ሻግቷል። ከቀዝቃዛው የውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቄው ስለነበር አየር አያልፍም፤ እርጥበቱ እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል። አጽድተን አንድ ስንዝር አራቅነው። አዲስ ቤት የገባ ሰው በሁለተኛው ሳምንት እንግዳ ይጥራና «ምን ይሸትሃል?» ብሎ ይጠይቅ እላለሁ።

ጎረቤት ማወቁ ግን ከበደኝ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። የረዳኝ በ1950 እ.ኤ.አ. የታተመ የቆየ ጥናት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር ወዳጅ እንደሆነ ያጠኑ ሰዎች ትልቁ ነገር የበሮች ቅርበት ሆኖ አገኙት። ደረጃ አጠገብ የሚኖሩትም ሰው ስለሚያልፍባቸው ብዙ ሰው ያውቃሉ። የእኔ በር ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ መጽሐፌን ይዤ ደረጃው ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ምድር ቤት የሚኖሩት አዛውንት ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ቁልፍ ጠፍቶሽ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ አየር ልቀበል ብዬ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጡ። የአውቶብስ ሹፌር ናቸው፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ጉዞ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ከቤት የሚወጡት 10 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ምንም ሳልናገር «ያ በር እያስቸገረሽ ይሆናል» አሉኝ። ማጠፊያው ወርዷል። ብረቱ መሬት ስለሚነካ፣ እንዳይጮህ ብለው በየሌሊቱ በሁለት እጃቸው አንስተው ሊያስገቡት ይሞክራሉ። ክብደቱ ግን ያመልጣቸዋል። እኔ ወረቀቱን ስጽፍ እሳቸው በጨለማ ከበሩ ጋር ይታገሉ ነበር። አፈርኩ።

ቅዳሜ ዕለት እሳቸው መፍቻ፣ እኔ ዘይት ይዘን ወረድን። እኔ በሩን ወደ ላይ ደግፌ ስይዝ እሳቸው ብሎኖቹን አጠበቁ። 20 ደቂቃ አልፈጀም። በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ያለ ድምፅ ገጠመ። ሁለታችንም ደጋግመን ከፈትነው፣ ዘጋነው።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። በሩ አይሰማም። የሚሰማው እየራቀ የሚሄድ የእርምጃቸው ድምፅ ነው። «ደህና ይግቡ» እላለሁ በልቤ፤ ከዚያ መልሼ እተኛለሁ።