ስሊም ደስቲ፣ ገጠሬው ዘፋኝ

መንዝና ተጉለት ውስጥ ማሲንቆ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው የስሊም ደስቲን የሥራ ሕይወት ቢያውቅ ይጠቀማል። አውስትራሊያዊ ነበር፤ በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ተወልዶ የወተት ላም በሚረባበት ገጠር አደገ። የመጀመሪያ ዘፈኑን የጻፈው በ10 ዓመቱ ነው። በ1946 ሸክላ ለማስቀረጽ ተፈራረመ፤ ግን ሸክላ ብቻውን እንጀራ አልሆነውም። በ1954 ከባለቤቱ ከጆይ ማኪን ጋር ሙሉ ጊዜውን ለጉዞ ትርኢት ሰጠ፤ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው፤ አድማጩ ያለበት ድረስ ይሄድ ነበር።

በ1957 የወጣው፣ ቢራ ስላለቀበት መጠጥ ቤት የሚያወራው ዘፈኑ ከአገሩ አልፎ እንግሊዝ ድረስ ተደመጠ። የተቀረጸው በሸክላው ጀርባ ነበር! ጠላ ያለቀበት ድግስ የሚያውቅ የእኛ ሰው ወዲያው ይገባዋል። 100ኛ አልበሙ በ2000 ወጣ።

እንደ ስሊም ደስቲ እየዞረ ለሚጫወት የእኛ ሰው ደግሞ አንድ ምክር፦ ለጉዞ የሚነሳ ማሲንቆ በጨርቅ ይጠቅለል፤ የደብረ ብርሃን ጉም ቆዳውን ያረግበዋልና። ከመጫወት በፊት ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ማሞቅ ነው፤ ከተጠጋ ይሰነጠቃል።