«እሱማ ድሮም እንዲህ ነው»

ሐዋሳ ውስጥ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም እለፉት፤ ጥፋቱ የኔም ነውና።

አውሮፕላኗ አራት ሰው የምትይዝ ባለ አንድ ሞተር ሴስና ናት። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አካባቢ ወጣቱ አብራሪያችን ከበረራ ተመልሶ፣ የሻይ ብርጭቆዬን ሳላስቀምጥ መጣና «ጋሼ፣ መሪውን ወደ ራሴ ስስበው አንድ ቦታ ላይ ያዝ ያደርገዋል» አለኝ። ሄጄ ሳብኩት። እውነትም ትንሽ ሻከር ይላል። «እሱማ ድሮም እንዲህ ነው፤ ሲሞቅ ይለቃል» አልኩት። ምኑ እንደሚሞቅ እኔም አላውቅም። አፌ ላይ የመጣ ነገር ነው።

ለወጉ ያህል ግን ኬብሉን አየሁት። በነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች መሪውን ስትስብ ጅራት ላይ ያለውን ኤሌቬተር፣ ማለትም አፍንጫቸውን ቀና ዝቅ የሚያደርገውን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ የሚያንቀሳቅሰው የብረት ኬብል ነው። በወለሉ ሥር ፑሊ በሚባሉ ትንንሽ መዘውሮች ላይ እየዞረ እስከ ጅራቷ ይሄዳል። የኛው 7 ገመድ የተጎነጎነበት ነው፤ እያንዳንዱ ገመድ ደግሞ 19 ቀጫጭን ሽቦ አለው፣ በድምሩ 133። አንዷ ሽቦ ብትበጠስ በዓይን ማየት ከባድ ነው፤ ስለዚህ በጨርቅ ትወለውለዋለህ፣ የተበጠሰ ካለ የጨርቁን ክር ይዞ ያስቀራል። ወለወልኩ። አንድም ክር አልተያዘም። ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላን ሲያርፍ መሣሪያው የሚያሳየው ፍጥነት ያው ሆኖ መሬት ላይ ግን ጅቡቲን ከመሰለ የባሕር ጠረፍ ይልቅ በ10 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ሀንጋሩ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። አመጣጧ ቆንጆ ነበር። አስፋልቱ ጋ ልትደርስ ስትል አፍንጫዋን ቀና ማድረግ ነበረባት። አላደረገችም። እንዳጎነበሰች በፊት ጎማዋ መሬቱን መታች፣ ነጠረች፣ ዳግም ስትወርድ የፊት እግሯ ታጠፈ። የፕሮፔለሩ ድምፅ ቆርቆሮ በመጋዝ ሲቆረጥ ዓይነት ነው። ከዚያ ጭጭ።

ልጁ ግንባሩ አብጦ በራሱ እግር ወረደ። ስንደርስ መጀመሪያ ያለው «ሳብኩት እኮ ጋሼ፤ እምቢ አለኝ» ነው። ለማን እንደሚናገር አውቃለሁ።

ወለሉን ስንከፍት አንዱ ፑሊ መዞር ትቷል። አቧራና የቆየ ግሪስ አንድ ላይ ጠጥረው ሙጭጭ አድርገው ይዘውታል። ፑሊ ካልዞረ ኬብሉ ላዩ ላይ ይፋቃል፤ የጉድጓድ ገመድ አፋፉ ላይ እንደሚበላው። የተበጣጠሱት ሽቦዎች እንደ ጃርት ቆመዋል፣ ልጁ ሲስብ ኬብሉ ከፑሊው እንዳይወጣ በሚጠብቀው ፒን ላይ ተሰክተው ቀሩ።

ታዲያ የኔ ጨርቅ የት ነበር? መሪው ተቆልፎ በቆመበት ነበር የወለወልኩት። የተበላው ቦታ ያኔ ፑሊው ላይ ተጠምጥሞ ተደብቋል። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ መሪውን እስከ ጥግ ስቦ፣ ደግሞ እስከ ጥግ ገፍቶ ካልያዘልህ ያቺ ስንዝር አትወጣም። ይሄ ገና ጀማሪ ሳለሁ የተማርኩት ነው። ግን የጥገና ልጆቹ አሳ ሊበሉ ሐይቅ ዳር ወርደው ነበር፣ ደውዬ ልጠራቸው ሰነፍኩ። በዚያች ስንፍና የፊት እግሯም ፕሮፔለሩም ሄደ። ሞተሩም ወርዶ ተፈታ፤ ፕሮፔለር መሬት ከመታ የውስጡ ዘንግ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ ከውጭ አይታወቅማ።

በስብሰባው ላይ አለቃችን እ.ኤ.አ. በጥር 2003 አሜሪካ፣ ሻርሎት ውስጥ የወደቀችውን ቢችክራፍት የመንገደኞች አውሮፕላን አነሳ። የኤሌቬተሯ ኬብል በጥገና ላይ በስህተት ተስተካክሎ፣ ጭነቷም በዝቶ ወደ ኋላ አድልቶ፣ 21 ሰው አለቀ። «እኛ ግን ኬብሉን አልነካነውም» ልል አፌን ከፈትኩ። ወዲያው ዘጋሁት።

በቀደም አንዱ ተለማማጅ የሌላ አውሮፕላን ፍሬን ፔዳል ረግጦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድሮም እንዲህ ነው» አለኝ።

«ድሮ ስትል ከመቼ ጀምሮ?»

አሰበ አሰበና ሳቀ። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።