ከ«ውሃ» ወደ «ውሃ ልጠጣ»፦ በመሣሪያ ለሚናገሩ ሁለት ቃል ማስተማር

በአፉ መናገር ስለሚቸግረው በታብሌት ወይም ድምፅ ተቀድቶበት ቁልፉ ሲጫን በሚናገር መሣሪያ የሚጠቀም ልጅ፣ አንድ ቃል ከለመደ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል። «ውሃ» ሲል ውሃ ይመጣለታል፤ «ኳስ» ሲልም ኳሱ ይቀርባል። ሁለተኛው ቃል ሥራ ስለሌለው አይማረውም። ችግሩ ከልጁ ይልቅ የሚሰማው ሰው ጥድፊያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታሰበው ሁለተኛው ቃል ምን ይለውጣል የሚለው ነው። ጆጉ ጠረጴዛ ላይ እየታየ «ውሃ ልጠጣ»፣ «ውሃ አልፈልግም»፣ «ውሃ አለቀ»፣ «ውሃ ጨምሩ» እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ያስከትላሉ። ስሙ አንድ ነው፤ ወሬው ያለው ግሱ ላይ ነው።

ግስ መምረጥ ግን በአማርኛ ቀላል አይደለም። «ስጠኝ» ለእናት አይሆንም፣ «ስጪኝ» ለአባት አይሆንም። ዘጠኝ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ይህን ሁሉ አይችልም። መፍትሔው ተናጋሪውም ሰሚውም ወንድ ይሁን ሴት በማይለወጡ መልኮች መጀመር ነው፦ ልጠጣ፣ ልብላ፣ ልሂድ፣ ልይ፣ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም። ለዕቃ ደግሞ የለም እና አለቀ ይበቃሉ። ለመጠየቅ «ስጡኝ» ይቀዳ። ትልቅ ሰው አንቱ በሚባልበት በጎንደር ቤት አያትም፣ እንግዳም፣ የተሰበሰበ ሰውም በዚያው ቃል ይጠየቃሉ። ለታናሽ እህት «ስጡኝ» ማለቱ ትንሽ ያስቃል፤ ይሁን፣ «ስጪኝ» ቆይቶ ይጨመራል።

የቁልፎቹ ቦታ ላይ ብዙ ሰሌዳ ይበላሻል። ከውጭ የመጡት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ቃል ቅደም ተከተል የተሠሩ ናቸው፤ ግስ በግራ፣ ስም በቀኝ። እንዲያው ተተርጉመው ሲጫኑ እጅ ወይም ዓይን ለእያንዳንዱ ሐረግ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ስሞቹን በግራ፣ ግሶቹን በቀኝ አድርጉ። በዓይን እይታ ወይም ቁልፎቹ በተራ ሲጠቆሙ የሚፈልገው እስኪደርስ ጠብቆ አንድ ስዊች በመጫን ለሚመርጥ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። እንደ ጎቶክ 9+ ያለ፣ ድምፅ የሚቀዳበት ባለ ቁልፍ መሣሪያ ከሆነ ገጽ ሲቀየር የማይለወጡ 3 ቁልፎች ስላሉት ግሶቹን እዚያ አስቀምጡ፤ ቦታቸው ከላይ ቢሆንም አለመቀያየራቸው ይበልጣል። አንዴ የተቀመጠ ቁልፍ አይነሳ። ሰሌዳው ከበዛበት ሌሎቹን ሸፍኑ እንጂ አታዛውሩ፤ እጁ የለመደው ቦታውን ነው።

ታብሌት ላይ ደግሞ ቃላቱ ከላይ ተሰልፈው የሚቆዩበት መስመር ይከፈት፤ አለበለዚያ አንዱ ቃል ሌላውን ያጠፋዋል። ጎቶክ ይህ መስመር የለውም፣ እያንዳንዱ ቃል ወዲያው ይነገራል። ያኔ ጠብቆ መስማት የሰሚው ሥራ ነው።

ድምፁን በዕድሜና በፆታ የሚቀርበው ሰው ይቅዳለት። ስሙን ዓረፍተ ነገር እንደሚዘጋ ድምፅን ጥሎ ሳይሆን ገና የሚቀጥል ነገር እንዳለ አድርጎ ይበለው፤ ካልሆነ «ውሃ። ልጠጣ።» ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ይመስላሉ። ባጃጅና ዶሮ የማይሰማበት ሰዓት ፈልጉ።

ለማስተማር ከቡና ሥነ ሥርዓት የተሻለ ሰዓት አላውቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ያው ነገር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ሰውም አይቸኩልም። የምታፈላዋ ሰው ራሷ በመሣሪያው ላይ «ስኳር» «ጨምሩ» ብላ እየጫነች ትናገር፣ ፈንዲሻው ሲመጣም «ፈንዲሻ» «ልብላ»። ልጁን በል አትበሉት። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ፣ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ከዚያም በላይ። ጸጥታው ለቤተሰብ ይከብዳል፣ ግን የሚሠራው እሱ ነው። ካልመጣ ወደ ሰሌዳው ማመልከት፣ ያም ካልሆነ ራስ ተጭኖ ማሳየትና መቀጠል። እጁን ይዞ ማስጫን አልወደውም፤ የሚያለማምደው እጁን ለሌላ ሰው መስጠትን እንጂ መናገርን አይደለም።

አንድ ቃል ብቻ ካለ አይከለከል። «ፈንዲሻ» ካለ እየሰጣችሁት «ፈንዲሻ» «ልብላ» ብላችሁ ጫኑለት። «ልብላ ፈንዲሻ» ቢልም አትቁጠሩበት፣ በትክክለኛው ተራ መልሳችሁ በሉት።

ሐረጎቹን በሠንጠረዥ ማቀድ ድካም ይቀንሳል። ዳቦ፣ ውሃ፣ ኳስ በአንድ ጎን፣ ስጡኝ፣ አልፈልግም፣ የለም በሌላው፦ 9 ጥምረት ይወጣል። ሁሉንም ቃል ለየብቻ የሚያውቅ ከሆነ «ዳቦ ስጡኝ»፣ «ውሃ አልፈልግም»፣ «ኳስ የለም» ብቻ ይማር፤ የቀሩትን 6 ሳታሳዩት ራሱ ይገጥማቸው እንደሆነ ተመልከቱ። ቃላቱ አዲስ ከሆኑበት ግን ሦስቱ አይበቁም፣ «ዳቦ ስጡኝ»ን እንደ አንድ ስም ሊይዘው ይችላል። «ውሃ ስጡኝ» እና «ኳስ አልፈልግም» ይጨመሩ፤ ያኔ አንዱ ቃል ከሌላው እንደሚለያይ ያያል። በዚሁ ምክንያት «ውሃ ስጡኝ» በአንድ ቁልፍ ላይ አይቀዳ። ለጊዜው ያማረ ንግግር ይሰማል፣ ዳቦ ሲፈልግ ግን አይጠቅመውም። ለጾመኛ ቤት «የለም»ን ማስተማር አያስቸግርም፤ ረቡዕና ዓርብ «ወተት የለም» ራሱ ይመጣል።

የልጁን ንግግር ለመከታተል ስትጽፉ ሳይጠየቅና ሳታሳዩት ያለውን ብቻ ለይታችሁ ጻፉ፤ ምን አለ፣ ለማን፣ ስንት ቃል። «ውሃ ውሃ» ሁለት ቃል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሰሚ ዘገየ ወይም ቁልፉ አልያዘም ማለት ነው። ተምሮት የማያውቀው ጥምረት ሲመጣ ግን ከስሩ ይሰመርበት፤ አንድ እንዲህ ያለ ሐረግ ከሃያ የተደገመ ይልቃል። አንድ ግስ ከሦስት አራት ስም ጋር ከሄደለት በኋላ ቀጣዩን ግስ ክፈቱ።

ይህ ሁሉ ለልጅ ብቻ አይደለም። በወጣትነቱ መሣሪያ ያገኘ ሰው የሚፈልገው ኳስ ሳይሆን «ፒያሳ ልሂድ»፣ «ስልክ ስጡኝ»፣ «ሙዚቃ አልፈልግም» ነው፤ ስሞቹ ከዕለት ውሎው ይመረጡ። ከስትሮክ በኋላ ንግግር ያጣ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቋንቋውን ቀድሞ ያውቀዋልና በዚህ መንገድ አይጀመርም።

መብራት ጠፍቶ ሲቆይ የታብሌቱ ባትሪ ያልቃል። የገጹን ፎቶ በኤ4 ወረቀት፣ በዚያው ቦታና ቀለም አትማችሁ ላሚኔት አስደርጉት። ተናጋሪው ሁለቱን ቃላት ሲጠቁም አጠገቡ ያለ ሰው ቃላቱን በተራ ጮክ ብሎ ይበል፤ ሁለተኛውን ሳያመለክት ግን አይገምትለት።