ገመድ ያዦቹ፦ ከባሕር ዳር እስከ ሰባራ ድልድይ

ባሕር ዳር የሄድኩት አንድ ቤተሰብ ለማየት ነው። አባት፣ እናት፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅና ታናሽ ወንድሟ፤ መተዳደሪያቸው ሰርከስ ነው። ሠርግ ላይ፣ የትምህርት ቤት ምረቃ ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን አደባባይ ላይ ያሳያሉ። የመንገዱን ነገር ብዙ አላወራም። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ የአውቶቡሱ ጨዋታ ቀጥ አለ፤ ደጀን ላይ ብቅ ስንል ካቆመበት ቀጠለ። ጥቅምት ስለነበር የጎጃም ማሳ ጤፍ በጤፍ ነበር።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ይላል። ጓሮው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ቆመዋል፤ በመሐላቸው አባትየው ከጋራዥ የገዛው የብረት ገመድ ተወጥሯል። ከፍታው ከመሬት ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ከሥሩ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች ተደርድረው አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ተነጥፎባቸዋል። አባትየው ሰርከስ የለመደው በልጅነቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሰርከስ ኢትዮጵያ ስሙ በየክልሉ ሲናኝ፣ ሜዳ አግኝቶ የማይገለባበጥ የሰፈር ልጅ አልነበረም። አብረውት የጀመሩት አብዛኞቹ ትተውታል። እሱ አልተወውም፤ ልጆቹንም አስገባቸው።

ልጅቱ በባዶ እግሯ ወጣች። አውራ ጣቷና ከጎኑ ያለው ጣት ብረቱን መሐል አስገብተው ይቆነጥጡታል፤ ከዚያ መሐል እግሯ ያርፋል፤ ተረከዟ መጨረሻ ላይ ይከተላል። እጇ ላይ ከእንጅባራ የመጣ ረጅም ቀርከሃ አለ። ጫፍና ጫፉ ላይ አባትየው አሸዋ የሞላ ጨርቅ አስሮበት ወደ መሬት ጎብጧል። ነገሩ ለጌጥ አይደለም። ክብደቱ ከሰውነት ርቆ ወደ ጫፍ በሄደ ቁጥር ሰውየው ወደ ጎን የሚያዘነብልበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሳይወድቅ ራሱን የሚያቃናበት ጊዜ ያገኛል። ጫፎቹ መጉበጣቸው ደግሞ የክብደቱን መሐል ዝቅ ያደርግለታል።

ዓይኔ ቀስ በቀስ ወደ እናትየው ሄደ። ዋናውን ገመድ እንዳይወዛወዝ ግራና ቀኝ የሚወጥሩት ቀጫጭን ገመዶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው መሬት ላይ ከተተከለ ካስማ ጋር ታስረዋል። እሷ ትዞራለች። ገመዱን ትጎትታለች፣ ቋጠሮውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ ካስማውን በተረከዟ ትረግጣለች። አንደኛው ካስማ ትንሽ ተነቃነቀ።

«ውረጂ» አለች።

ልጅቱ ገመዱ መሐል ደርሳ ነበር። ቃል ሳትተነፍስ ተመለሰችና ወረደች። እናትየው ድንጋይ አንሥታ ካስማውን መታችው፤ ቋጠሮውን ፈትታ እንደገና አሰረችው፤ ተንጠልጥላ ሞከረችው። «ውጪ» ስትል አባትየው ገና ትንፋሹን ለቀቀ። እስከዚያ ቅጽበት ድረስ ትርዒቱን የሚመራው እሱ መስሎኝ ነበር።

ቡና ሲፈላ ልጅቱ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ዋሌንዳዎችን ያውቋቸዋል?» አለችኝ። ከፍ ያለ ሽቦ ላይ በመሄድ የታወቁ የሰርከስ ቤተሰብ ናቸው። እኔ ስማቸውን ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን የዘር ሐረጋቸውን ቆጥራ ታውቃለች። ካርል ዋሌንዳ እ.ኤ.አ. በ1905 ጀርመን አገር ማግደቡርግ ተወለደ። በ1928 ኒውዮርክ ላይ ሊያሳዩ ሲሉ መረባቸው ሳይደርስላቸው ቀረ፤ ያለ መረብ ሠሩ፤ ከዚያ በኋላም ያለ መረብ መሥራት የቤተሰቡ መታወቂያ ሆነ። በኋላ ሰባት ሰዎች ሽቦ ላይ ተደራርበው የሚሄዱበትን ፒራሚድ ፈጠሩ፤ አራት ከታች፣ ሁለት በእነሱ ትከሻ ላይ፣ ከላይ ደግሞ ወንበር ላይ አንዲት ሴት። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1962 ዲትሮይት ላይ ከታችኛው ረድፍ ከፊት የነበረው የካርል ዘመድ ዲተር ሼፕ ተንገዳገደ፤ ፒራሚዱ ፈረሰ። እሱና የካርል አማች ሪቻርድ ፎናን ሞቱ፤ የካርል የማደጎ ልጅ ማሪዮ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ ቀረ። ካርል ራሱ ተጎድቶ ሳለ ከላይ የወደቀችውን ልጅ ይዞ፣ ከታች የሚቀበሏት እስኪዘጋጁ ድረስ አልለቀቃትም።

ሁሉም የሚያወሩት ከላይ ስላለችው ሴት ነው። እኔ ግን ያን ቀን ልቤን የያዘው የታችኛው ረድፍ ነበር። ከላይ ያለው ቢንገዳገድ ራሱ ሊወድቅ ይችላል፤ ከታች ያለው ጉልበቱ ከከዳው ሁሉም አብረው ይሄዳሉ።

ካርል እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1978፣ በ73 ዓመቱ፣ ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ውስጥ በሁለት የሆቴል ሕንፃዎች መሐል በተዘረጋ ሽቦ ላይ ሲሄድ 37 ሜትር ያህል ወድቆ ሞተ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ቤተሰቡ ግን ዋናው ምክንያት ነፋሱ ሳይሆን ሽቦውን ግራና ቀኝ የሚወጥሩት ገመዶች በትክክል አለመታሰራቸው ነው ይላል። ልጅቱ ይህን ስትል እናትየው ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና ባሏን አየችው። እሱም ቀና ብሎ አላያትም። ስለ ከፍታ ክርክር እንዳለባቸው የገባኝ ያኔ ነው፤ እሱ ገመዱን ለጥምቀት ወደ አራት ሜትር ከፍ ሊያደርገው ይፈልጋል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን ጢስ ዓባይ ሄድን፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው የሚለቀቀው በኃይል ማመንጫው መጠን ስለሆነ ባዶ ገደል ያገኘ ሰው ብዙ ነው፤ እኛ ግን ቀንቶን ሞልቶ ደረስን። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሙሉ ሲሆን ጎኑ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። ጭሱ ፊታችንን አራሰው። ልጅቱ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካችው። የካርል የልጅ ልጅ ልጅ ኒክ ዋሌንዳ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ኒያጋራ ፏፏቴ ላይ ከ500 ሜትር በላይ ርዝመት ባለው ሽቦ ተሻግሯል፤ እርጥብ ሽቦ ላይ፣ እናቱ በሠራችለት የአጋዘን ቆዳ ሶል ባለው ጫማ። ትርዒቱን ያስተላለፈው ቴሌቪዥን ጣቢያ ግን በደኅንነት ገመድ ካልታሰርክ ብሎ አስገድዶታል። አባትየው ይህ ደስ አላለውም። «ታስሮ ከሄደማ ምኑ ድፍረት ሆነ?» አለ።

«መታሰር ምን ነውር አለው?» አለች እናትየው። «እኔ ዓባይን የተሻገርኩት ታስሬ ነው።»

የተወለደችው አንዳቤት፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ዘመዶቿ ሞጣ ናቸው። በመሐል ያለው ሰባራ ድልድይ ነው፤ በፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትና በጣሊያን ጊዜ መሐሉ የተቆረጠው። ሰው ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ወዲህ ያሉት እየለቀቁ ወዲያ ያሉት እየጎተቱ ይሻገር ነበር። እህሉም፣ ፍየሉም፣ በሽተኛውም እንዲያው። እሷን በልጅነቷ አጎቷ ነው ያሰራት። «ወንዙን አትዪ፣ እኔን እዪ» ብሎኝ ነበር አለች። «አየሁት። እጁ ገመዱን እንዴት እንደጠመጠመው ነበር የማየው። ወንድም ጋሼ፣ እኔ እስከ ዛሬ የማየው ያንን ነው።»

ባልየው ከዚያ በኋላ ስለ ድፍረት አልተናገረም።

ስመለስ የሞጣን መንገድ መረጥኩ፤ ስለ እሷ ብዬ ነው። ከሞጣ ወደ ወንዙ የሚወርደው የእግር መንገድ ረጅምና ቁልቁል ነው፤ ገበያ የሚወጡ ሰዎች አህያ ጭነው ሽቅብ ይገናኙኛል። ስብራቱን እ.ኤ.አ. በ2002 የደፈነው ሰዎቹ በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳየውን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ነው፤ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት የመሠረተውም በዚሁ ምክንያት ነው። በኋላም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶ አሁን ሰው ታስሮ አይሻገርም። ዳር ላይ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገመድ ጎታች እንደነበሩ ነገሩኝ። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ ክርኑ የሚሄድ የተላጠና የጠነከረ ጠባሳ አለ።

«አያ፣ የሚከብደው ማን ነበር? ወፍራሙ?» አልኳቸው።

«የሚንፈራገጠው ነው እንጂ» አሉኝ። «ዝም ብሎ ካመነህ ሰው አይከብድም። ከብት ግን… ከብት ያስለቅስሃል።»

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ደወልኩላቸው። ስልኩን ያነሣችው እናትየው ናት። ስለ ሽማግሌው ስነግራት ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ የማን ዘመድ እንደሆኑ፣ ዓይናቸው ያያል ወይ፣ ከየትኛው ወገን ነበር የሚጎትቱት። አጎቷን ያውቁት እንደሆነ እንድጠይቅላት ለሌላ ጊዜ አደራ አለችኝ። ስለ ገመዱ ከፍታ ጠየቅኳት። የባሕር ዛፉ ግንድ በሲሚንቶ እስካልተተከለ፣ ካስማዎቹም በብረት እስካልተቀየሩ ድረስ አንዲት ጣት ከፍ አይልም ብላ ወስናለች። ባሏም ተስማምቷል። ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ገዝተዋል፤ የካስማውን ብረት ግን ገና አላገኙም።