ለእትዬ የነገርኳቸው ቁጥር

ባለፈው እሑድ እትዬ ከስቶክሆልም ደወሉልኝ። ጡረታ ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ የስዊድን ብርድ ጉልበታቸውን ስለጎዳው ወደዚህ በደቡብ ስፔን ባሕር ዳርቻ ወዳለው ኮስታ ዴል ሶል፣ እኔ ወደምኖርባት ወደ ፉዌንሂሮላ ከተማ፣ ለመምጣት ቆርጠዋል። «እዚያ ስትኖሪ አራተኛ ዓመትሽ ነው፤ በወር ስንት ይበቃኛል?» ሲሉኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ብዙም ሳላስብ «ሺ መቶ ሃያ ዩሮ» አልኳቸው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ከወጪ ደብተሬ ላይ ያለው የዓመቱ አማካይ ነው። ሆኖም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ሲቆረቁረኝ ሰነበተ፤ ዛሬ ደብተሩን ገልጬ ስመረምረው የነገርኳቸው የእኔን ወጪ እንጂ የእሳቸውን እንዳልሆነ ተረዳሁ።

ልዩነቱ የመጣው ከቤት ኪራይ ነው። ውሌን የፈረምኩት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021፣ ወረርሽኙ ቱሪስቱን ገና አርቆት፣ አከራዮች ተከራይ ይፈልጉ በነበረበት ሰሞን ነው፤ ባለ አንድ መኝታ ቤቱን በ650 ዩሮ አገኘሁት። የስፔን የኪራይ ሕግ ለመኖሪያ የተከራየ ሰው እስከ 5 ዓመት እንዲቆይ መብት ይሰጠዋል፤ አከራዩ ድርጅት ከሆነ ደግሞ እስከ 7 ዓመት። በዚያ ላይ መንግሥት የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ሲል ዓመታዊውን ጭማሪ በ2022 እና በ2023 በ2 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ በ3 በመቶ ስለገደበው ዛሬ የምከፍለው 696 ዩሮ ከ55 ሳንቲም ነው። (ሳንቲሟን የምጽፋት አከራዬ አንድም ወር ረስተዋት ስለማያውቁ ነው።)

እትዬ ግን የሚመጡት በ2025 ነው። ከእኔ በታች ያለው፣ ስፋቱም አሠራሩም ከእኔው ጋር አንድ የሆነው ቤት ባለፈው ሴፕቴምበር ለአንድ ፊንላንዳዊ ጡረተኛ የተከራየው በ1,050 ዩሮ ነው፤ ያውም እስከ ጁን መጨረሻ ብቻ። እዚህ «ቴምፖራዳ» የሚሉት የወቅት ኪራይ ይህ ነው። በጁላይና በኦገስት ቤቱ በሳምንት ሒሳብ ለዕረፍት ለሚመጡ ሰዎች ይሰጥና ሰውየው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። የወቅት ውል የ5 ዓመቱ ከለላ የለውም፤ ለመኖሪያ ውል የሚያዘው የአንድ ወር ኪራይ መያዣም በወቅት ውል ሁለት ወር ይሆናል። የደላላውን ክፍያ ደግሞ፣ በ2023 የወጣው የቤት ሕግ በመኖሪያ ውል ላይ አከራዩ እንዲሸፍነው ቢደነግግም፣ በወቅት ውል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ተከራዩ ነው። ጎረቤቴ የሁለት ወር መያዣ፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና፣ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ ጋር፣ የአንድ ወር ኪራይ የሚያህል የደላላ ክፍያ ከፍለው ቁልፉን ሲረከቡ ከ4,400 ዩሮ በላይ ከኪሳቸው ወጥቷል። በአንድ አሳንሰር የምንወጣ የምንወርድ ሰዎች ነን፤ ባሕሩም የሚታየን እኩል ነው፣ ማለትም በረንዳው ጥግ ላይ ቆሞ አንገቱን ላሰገገ ሁሉ።

ሌላው ያልነገርኳቸው ነገር የቤት ውስጥ ብርድ ነው። እዚህ ብዙ ቤቶች የተሠሩት ለኦገስት ሙቀት ነው፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ መስኮቱ ስስ፣ ከቤቱ ጋር የተገጠመ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም። በጃንዋሪ ከቀትር በኋላ ሰው ውጭ በሸሚዝ ተቀምጦ ቡናውን ሲጠጣ እኔ ቤት ውስጥ ካፖርት ደርቤ እሠራለሁ። በዚህ ዓመት ለገና ልለብሰው ብዬ የሀበሻ ቀሚሴን ከቁም ሳጥን ሳወጣው ጥለቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ነጥብ ነጥብ ሠርቶበት አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ አጥቤው ጥላው አሁንም አለ። የኦክቶበር የመብራት ሒሳቤ 41 ዩሮ ነበር፤ የፌብሩዋሪው 94። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በመብራት ላይ የሚጣለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ወደ 21 በመቶ መመለሱም አግዞታል። ከዚህም በላይ ሰው ቤቱ ውስጥ ባይኖርም እንኳ በውሉ ላይ ለተመዘገበው የኃይል መጠን በየወሩ ይከፍላል። የእኔ 3.45 ኪሎዋት ነው፤ ኤሌክትሪክ ምጣዱንና ማሞቂያውን አንድ ላይ ከሰካኋቸው ቤቱ በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ እንጀራ የምጋግረው ቅዳሜ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ ርካሹ ታሪፍ ሲሆን በሥራ ቀናት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ10 እስከ 14 እና ከ18 እስከ 22 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም ውድ ነው። ሻወሩንና ምድጃውን የምታሞቀው ብርቱካናማዋ ባለ 12.5 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደር ናት፤ ዋጋዋን መንግሥት በየሁለት ወሩ ይወስናል፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ለሚያደርሳት ልጅ የምሰጠው ጉርሻ ግን በየትኛውም ስሌት ውስጥ የለም።

ስለ ምግብ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሚቆመው ገበያ አትክልትና ፍራፍሬ ለሳምንት እሸምታለሁ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ በድርቁ ምክንያት እንደ ሽቶ ስንቆጥበው የነበረው የወይራ ዘይትም ረክሷል። ወደ ማላጋ ከተማ የሚወስደው የከተማ ዳር ባቡርም በ2024 ነፃ ነበር ማለት ይቻላል፤ 10 ዩሮ ተይዞ በ4 ወር ውስጥ 16 ጊዜ ለተጓዘ ሰው ይመለስ ነበር። ሕክምናም ቢሆን ለእትዬ አያሳስብም፤ ጡረታቸው ከስዊድን ስለሚከፈል «ኤስ ዋን» የሚባለውን ቅጽ ካስመዘገቡ እዚህ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይታከማሉ፣ ወጪውን የምትሸፍነው ስዊድን ናት። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት የሌለው ሰው ግን ሳይሠራ እዚህ ለመኖር ቪዛ ሲጠይቅ የግል የጤና መድን መግዛትና በወር 2,400 ዩሮ ገቢ እንዳለው ማሳየት አለበት። ይህ ቁጥር ከእኔ ድምር እጥፍ በላይ በመሆኑ ድሮ ያስቀኝ ነበር፤ አሁን ግን የስፔን መንግሥት ከእኔ ይልቅ ለጎረቤቴ የቀረበ ግምት እንዳለው አያለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደወልኩላቸውና አስተካክዬ ነገርኳቸው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን በወር ወደ 1,500 ዩሮ፣ ቁልፍ ለመረከብ ደግሞ ከ4,000 በላይ፣ ጁላይና ኦገስትን ሳይጨምር። እትዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«ያንቺስ ውል መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በኦክቶበር 2026። አከራዬ የማያድሱልኝ ከሆነ ከ4 ወር በፊት ማስታወቅ አለባቸው።»

«እንግዲያው ዓመት ከመንፈቅ አለን» አሉ። «ያ ሶፋሽ ይዘረጋል?»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሜትር ይዤ ለካሁት፤ 1 ሜትር ከ80 ነው።