«በነዳጅ ዋጋ ብቻ»

ሰውየው ባለፈው ሰሞን እኛ ግቢ መጥቶ ወሬውን እንደገና ሲያወራ ሰማሁት። «የጭነት ሰዎቹ የጠሩልኝን ዋጋ ብነግራችሁ አታምኑም። እኔ ግን በገዛ ፒካፔ፣ በነዳጅ ዋጋ ብቻ አደረስኩት!» ይላል። ሰሚዎቹም «አይ አንተ!» እያሉ ያደንቁታል። እኔ ጀልባ ሥር ተኝቼ ብሎን እየፈታሁ ነበር። ብሎኑ ምን በደለኝ? ግን አሳሩን አበላሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሰውዬ፣ ባለጀልባው፣ ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዛ። ጀልባዋ ቀድማ ሄደች፣ ደቀሉ፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበት ረጅም ምሰሶ፣ ግን እኛ ጋ ቀረ። 13 ሜትር አሉሚኒየም ነው። በዚህ ሥራ ላይ የዋለ ሰው 13 ሜትር ሲሰማ ገና ፊቱን ያጨማድዳል፣ ምክንያቱም ትልቁ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 12 ሜትር ብቻ ነው። በአንዲት ሜትር ምክንያት በሩ ሁሉ ይዘጋብሃል። የቀረው ክፍት የጭነት መኪና ነው፤ የእነሱ ዋጋ ደግሞ ጀልባዋ ከተገዛችበት ሲሶውን ያህል ነበር። ሰውየው ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

የደቀል ክፋቱ ቀላል መሆኑ ነው። የሽቦ ገመዱና ሽቦውን ወደ ጎን ገፍተው የሚይዙት የጎን ክንፎቹ ከወለቁለት አራት ሰው ሳያቃስት ይሸከመዋል። ስለዚህ ያየው ሁሉ «ይቺን ለመጫን ነው ይህ ሁሉ ጭንቀት?» ይላል። ጣጣው ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። ደቀል ጀልባ ላይ ሲቆም በዙሪያው ሽቦ ተወጥሮለት፣ ወደ ታች እየተጫነ የሚሠራ ነገር ነው፤ በዚያ በኩል ብርቱ ነው። ሲያጋድሙት ግን ግድግዳው የሳሳ ረጅም ቱቦ ሆኖ ይቀራል። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሁለቱ ጫፎች ይርገበገባሉ፣ ያ ሁሉ መናጥ የሚያርፈው ደግሞ በተደገፈባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

ባለጀልባው አንድ ጠዋት ፒካፑንና የተዋሰውን ባለ 6 ሜትር ተሳቢ ይዞ ከች አለ። አብሮት አንድ ወዳጁ አለ፤ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራዋል። የምን ኢንጂነር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

የኢንጂነሩ የመጀመሪያ ሐሳብ መቁረጥ ነበር። «ለሁለት እንቆርጠውና እዚያ ስንደርስ እናስበይደዋለን። የማውቀው በያጅ አለ።» ደቀል አይቆረጥም አልልም፤ በኮንቴይነር የሚላክ ረጅም ደቀል ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የሚሄደው። የሚቀጠለው ግን በውስጡ ልክክ ብሎ በሚገባ ሌላ ቱቦ ነው፤ እሱም በሪቬት ወይም በብሎን ይያዛል። ደቀል የሚሠራበት አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆ በልክ ቀዝቅዞ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው በዚያ ዙሪያ ያን ጥንካሬ ይነጥቀዋል። ይህን ስነግረው «እሱ ድሮ ነው» አለኝ። ምኑ ድሮ እንደሆነ አላብራራም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

«በቃ አንቆርጥም» አለ ባለጀልባው። «ኋላውን ተሳቢው ላይ እናስራለን፣ ፊቱን የፒካፑ ፖርቶመጋላ ላይ። ከዚያ መሄድ ነው። ምን ችግር አለው?»

«ሲታጠፉስ?» አልኩት።

«ቀስ ብዬ እታጠፋለኋ!»

«የፍጥነት ጉዳይ አይደለም ጋሼ። መኪናውና ተሳቢው መንጠቆው ላይ ይታጠፋሉ። ደቀሉ ግን አይታጠፍም።»

«ላላ አድርገን እናስረዋለና» አለ ኢንጂነሩ፣ ለእኔ ሳይሆን ለባለጀልባው።

እዚህ ላይ መተው እችል ነበር። አለቃችንም ከቢሮው በር ላይ ሆኖ በዓይኑ «ጫንለትና ይሂድ» እያለኝ ነው። ግን «ላላ አድርገን» የሚለው ነገር አንጀቴን አሳረረኝ። ሁለት ሞራሌ ጫፍ ለጫፍ ቀጠልኩና ተሳቢው ላይ ብቻ አጥብቄ አሰርኳቸው፤ ጫፋቸው ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ወደ ፊት ወጥቶ እንዲቀር አደረግኩ። ከዚያ ባለጀልባውን ኮፍያውን ለመንኩትና ልክ ከሞራሌው ጫፍ ሥር ፖርቶመጋላው ላይ አስቀመጥኩት።

«አሁን ወደ ፊት እየነዱ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ይታጠፉ።»

ጋቢና ገብቶ ነዳ። ሙሉ መታጠፊያ እንኳ አልነበረም፤ ፒካፑና ተሳቢው 30 ዲግሪ ያህል ቢታጠፉ ነው። ኮፍያው ከመኪናው ጋር ወደ ቀኝ ሄደ፣ የሞራሌው ጫፍ ከመኪናው ግራ ጎን አልፎ አየር ላይ ቀረ። በሜትር ለካሁት፤ በመሃላቸው 1 ሜትር ተኩል አለ። ሒሳቡም ይኸው ነው። ፖርቶመጋላው ከመንጠቆው 3 ሜትር ወደ ፊት ከሆነ፣ በ30 ዲግሪ መታጠፍ የዚያን ግማሽ ወደ ጎን ይሸሻል። ሁለቱም ጋ የታሰረ ደቀል ይህን 1 ሜትር ተኩል ከየት ያመጣዋል? ወይ ፖርቶመጋላውን ይነቅላል፣ ወይ ራሱ ይታጠፋል። የሚታጠፈው ደግሞ እንደ ቀበቶ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ጭርምት ይላል፣ ከዚያ በኋላ ለልብስ ማስጫ ካልሆነ አይረባም።

ባለጀልባው ወረደ። ሞራሌውን አየ። ኮፍያውን አየ። ኢንጂነሩን አየ። ኮፍያውን አንስቶ በመዳፉ አራገፈና ራሱ ላይ ደፋው። አሁን ገባው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል እንዲህ አለ፦

«ቢሆንም... መንገዱ እኮ ያን ያህል ኩርባ የለውም።»

ብዙ ዓመት ከሰው ጋር ሠርቻለሁ። የሚሳደብ ደንበኛ አውቃለሁ፣ የሚያለቅስም አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ምን እንደምለው አላወቅኩም። መንገዱ ኩርባ ባይኖረው እንኳ ከግቢያችን በር ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መታጠፍ ነው! አለቃዬን ዞሬ ሳየው ወደ ቢሮው ገብቷል።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ሁሉንም ወደ ኋላ መግፋት ነበር። «ከመኪናዬ በላይ ምንም አይኑርብኝ፤ የተረፈው ከኋላ ይውጣ፣ ቀይ ጨርቅ እናንጠለጥልበታለን።» ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። እንዲያ ከተጫነ ከተሳቢው ጎማ ኋላ 10 ሜትር ደቀል ይቀራል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ያ ሁሉ ጭራ ወደ ግራ ይጠርጋል፤ ነጂው ደግሞ በዚያች ሰዓት የሚያየው ወደ ቀኝ ነው። የተሳቢው ወለል ዝቅ ያለ ስለሆነ ጫፉ የሚጓዘው ልክ ከኋላ በሚከተለው መኪና ፊት ትክክል ነው። በዚያ ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ መንጠቆው ላይ ያለው ጫና ይቀላል፣ ፍጥነት ሲጨመር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ጨርቁን በተመለከተ እውነቱን ነው፤ ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ማታ ቀይ መብራት ያስፈልጋል። ስንት ሜትር ከኋላ ሲወጣ ፈቃድ እንደሚጠየቅ ግን ደንቡ እንደየአገሩ ነውና ይጠይቁ አልኩት። «ደውያለሁ» አለኝ። ለማን እንደደወለ እሱ ያውቃል።

ምሳ ሰዓቴን ሠዋሁ። ከወዳደቀው ሞራሌና ጣውላ ሁለት ቋሚ ሠራሁ። አንዱ ተሳቢው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ከተሳቢው ወለል 1 ሜትር ወደ ፊት፣ መጎተቻው ብረት ላይ። በመሃላቸው 7 ሜትር ሆነ፣ ከፊትም ከኋላም 3 ሜትር 3 ሜትር ተረፈ። ይህ እንዲያው የመጣልኝ ቁጥር አይደለም። ወጥ የሆነ ረጅም ነገር በሁለት ቦታ ሲደገፍ በትንሹ የሚጎብጠው ድጋፎቹ ከየጫፉ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ አለፍ ብለው ሲቆሙ ነው። ክብደቱም ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት አረፈ፣ መንጠቆውም ጫናውን አገኘ። ሁለቱም ቋሚ ከጋቢናው ጣሪያ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ፒካፑ ከሥሩ እንደፈለገ ይታጠፋል፣ ደቀሉ ተሳቢውን ብቻ ይከተላል። የፊተኛውን ቋሚ ከግርጌው አጠበብኩት፣ አለዚያ መኪናው ጥምዝዝ ሲል በኋላ ማዕዘኑ ይመታዋል። አናታቸው ላይ ቦይ አወጣሁና አሮጌ ምንጣፍ ለበጥኩት።

ደቀሉን የሸራው ቦይ (የሸራው ጠርዝ የሚገባበት ስንጥቅ) ወደ ላይ እንዲሆን አድርገን አጋደምነው። ቅርጹ ሞላላ ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ ነው ጠንከር የሚለው። የጭነት ማሰሪያ ቀበቶዎቹን ልክ ከቋሚዎቹ በላይ አሰርኳቸው። መሀል ላይ የሚያስር ሰው ደቀሉን በራቼት፣ በቀበቶው ማጥበቂያ፣ እያጎበጠው መሆኑ አይታወቀውም። እያንዳንዱን ቀበቶ አንዴ አዙሬ ጠመዘዝኩት፤ ዝርግ ከሆነ ንፋስ ሲመታው መንገዱን ሙሉ ያጓራል። ኢንጂነሩ መጥቶ «ተጣሞብሃል» አለና አንዱን ፈትቶ አቃናው። ሽንት ቤት ሲሄድ መልሼ ጠመዘዝኩት።

ከዚህ በፊት፣ ሽቦዎቹን ስናወልቅ፣ በየማጥበቂያው ስንት ጥርስ እንደሚታይ ቆጥሬ በወረቀት ጽፌአለሁ፤ እዚያ ሲተከል ወደ ነበረበት ውጥረት ለመመለስ ይረዳል። የጎን ክንፎቹም መንታ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ስለሆኑ የግራው ለቀኝ አይሆንም። በሰማያዊ ፕላስተር «ግራ» «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩባቸውና በምንጣፍ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ሄደ። ደረሰ። አንድ ጭረት የለበትም። መንገድ ላይ ሲጓዝ ማን እንዳነሳው የማላውቀው ፎቶ ልኮልኛል፤ ደቀሉ በሁለቱ ቋሚዎቼ ላይ ተንጋሎ፣ ከኋላው ቀይ ሸሚዝ ይውለበለባል። ከፎቶው ሥር «ይቻላል አላልኩህም?» ይላል። ይቻላል ያለኝ ግን ፖርቶመጋላው ላይ ስለማሰር ነበር። የማይቻለውም እሱ ነው።

አለቃዬ የዚያን ዕለት ማታ «ለደንበኛ ምክር ስጥ፣ ካልሰማህ ግን ቋሚ አትሥራለት» ብሎ መከረኝ። ምክሩ ልክ ነው። ባልሠራለት ኖሮ ወይ ለጭነት ሰዎቹ ይከፍል ነበር፣ ወይ እኛ በር ላይ ደቀሉን ያጣጥፈው ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ዛሬ እየዞረ ስለ ነዳጅ ዋጋ አያወራም። ሆኖም ሁለቱ ቋሚዎች ከተመለሱ ወዲህ ሦስት ሰው ተውሷቸዋል፣ አንዱ ራሱ አለቃዬ ነው።

ባለጀልባው በሳምንቱ ደወለ።

«እነዚህ ሁለቱ ክንፎች የትኛው ነው የግራው?»

«ፕላስተር ላይ ጽፌበታለሁ ጋሼ።»

«እሱንማ ላጥነው። ኢንጂነሩ ቀለሙን ያበላሻል አለ።»

የትኛው የትኛው እንደሆነ በስልክ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከበስተኋላ ኢንጂነሩ «እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት» ሲል ይሰማኛል። ስልኩን ዘግቼ ቢሮ ገባሁና ደረሰኝ አሠራሁ፦ ሞራሌ፣ ጣውላ፣ ምንጣፍ፣ የግማሽ ቀን ጉልበት፣ የስልክ ምክር። ላኩለት። አልከፈለም። ባለፈው ሰሞን መጥቶ ያን ሁሉ ሲያወራ ከጀልባው ሥር ወጥቼ ሁለተኛ ቅጂውን በእጁ ሰጠሁት፤ ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተውና ሰዎቹን «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ቀበቶ ያሰረልኝ እሱ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ።